አደይ ምሕረት ከአልጋቸው ስር የሚሰሙት ውሃ

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሰው ስነግር ፊቱ ይጨማደዳል። ፍሳሽ ነው የምለካው። ሰው ከቤቱ ካስወጣው በኋላ ዳግመኛ ሊያስበው የማይፈልገውን፣ በቱቦ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደውን የከተማ ፍሳሽ። ባለቤቴ ኃይሉ አስተማሪ ነው፤ "ሚስትህ ምን ትሠራለች?" ሲሉት "ውሃ ነክ ነገር" ብሎ ያልፋል። አማቴ ደግሞ ከሥራ ስመለስ እጄን ሦስት ጊዜ ካልታጠብኩ አይስሙኝም። ውሃ በሌለበት ከተማ ሦስት ጊዜ መታጠብ ምን ማለት እንደሆነ ለመቐለ ሰው አልነግረውም።

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። መቐለ የመጣሁት ለትምህርት ነበር፤ እንዳ ኢየሱስ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አምስት ዓመት ተማርኩ፣ ኃይሉን አገኘሁ፣ ቀረሁ። ጦርነቱንም እዚሁ ነው ያሳለፍኩት። ስለ እሱ ዛሬ አላወራም። የማወራችሁ ከዚያ በኋላ ስላለፈች አንዲት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የለካሁት ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከታች ነው። እዚህ ከተማ የፍሳሽ መስመር ያላቸው ኮንዶሚንየሞቹና ጥቂት የድሮ ሰፈሮች ናቸው፤ ሌላው ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ነው የሚኖረው። እነዚያ ጥቂት መስመሮች የሚገናኙበት ገንዳ በዚያ ክረምት እየሞላ መፍሰስ ጀመረ። አለቃዬ ጠራኝ።

"ቤቶቹ ከተጠቀሙት ውሃ ይልቅ ከታች የሚወጣው በልጧል" አለኝ። "ሰው የሚጠጣው አጥቶ ቱቦው ይጠግባል። ትርፉ ከየት እንደሚገባ ገምቺልኝ።"

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ወደ ቤቶቹ የገባው በቆጣሪ ይታወቃል፤ ከታች የሚወጣው ይለካል። ትርፉ ወይ በተሰነጠቀ ቱቦ የሰረገ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ ወይ ዝናብ ሲጥል ከጣሪያና ከግቢ የገባ ጎርፍ ነው። ጎርፉን ለማወቅ የዘነበበትን ቀን ካልዘነበበት ጋር ታስተያያለህ። የከርሰ ምድሩን ለማወቅ ግን ሰው ውሃ የማይጠቀምበት ሰዓት ያስፈልጋል። ሌላ አገር ሰው እስኪተኛ ይጠብቃሉ። እኔ ብልጥ ነኝ አልኩ፤ እኛ ፈረቃ አለን፤ ለየሰፈሩ ውሃ የሚለቀቀው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ውሃ በማይለቀቅበት ቀን ሰው በጀሪካን ነው የሚውለው፣ ወደ ቱቦው የሚያስገባው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ያን ቀን የሚፈሰው ከመሬት የመጣ ነው። የፈረቃውን ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ የሳምንቱን ልብስ ስለሚያጥብበት "ለግምት አይሆንም" ብዬ ከሰንጠረዤ ላይ ሰረዝኩት። በዚህ ብልጠቴ በጣም ኮርቼ ነበር፤ ለኃይሉ እራት ላይ ሁለት ጊዜ አስረድቼዋለሁ።

ማክሰኞ ቀን፣ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ፣ ከአያ ኪሮስ ጋር ወደ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ሄድን። አያ ኪሮስ ማንሆል፣ ማለት የፍሳሽ መስመሩን መፈተሻ ጉድጓድ፣ የሚከፍትልኝ የመስክ ሠራተኛ ነው፤ ሃምሳን ያለፈ ሰው። የመስመሮቹ ካርታ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ካርታችንም እሱ ነው። የሰፈሩ መስመር የሚጀምርበት የመጀመሪያው ማንሆል በአንድ ቀጭን መንገድ መጨረሻ ላይ ባለች የድንጋይ ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። አንኳኳን። በሩን የከፈቱልን ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰባዎቹን የተሻገሩ እናት ናቸው። የእኔን ቢጫ ጫማና የአያ ኪሮስን የብረት ዘንግ አይተው ፊታቸው በራ።

"ማመልከቻዬ ደረሰ ማለት ነው" አሉ በትግርኛ።

ስለምን ማመልከቻ እንደሚያወሩ አላወቅሁም። "እኛ ማንሆሏን ለማየት ነው የመጣነው፣ እናቴ" አልኩ።

አነጋገሬን ሲሰሙ ወደ አማርኛ ዞሩ። "ጓለይ፣ እንኳን መጣሽ። ምሕረት ነው ስሜ። ነይ ግቢ፣ ቦታውን ላሳይሽ።" ጓለይ ልጄ ማለት ነው። እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና አልጋቸው አጠገብ አቆሙኝ። "ከዚህ ስር ውሃ ይሄዳል። እሰማዋለሁ። የእኛ ቧንቧ ከጦርነቱ ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም፣ የዚህ መንገድ ሰው ሁሉ ከጋሪ ነው የሚገዛው። ውሃው ግን እዚህ አለ።"

ቤቱ ውስጥ ካርቶኖች ተደርድረዋል። አንዲት አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ጎንበስ ብላ ሳህን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ቀና ብላ በድካም ፈገግ አለችልኝ። የአደይ ምሕረት ልጅ ለምለም ነበረች። አደይ ማለት እናቴ እንደ ማለት ነው፤ እዚህ ለትልልቅ ሴቶች ሁሉ ይባላል። እኔም ከዚያ በኋላ አደይ እያልኩ ነው የጠራኋቸው።

ለምለም ውጭ ድረስ ተከትላኝ ወጣች፤ አያ ኪሮስ የማንሆሏን ክዳን ከፍቶ አየር እስኪገባ ስንጠብቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ።

"እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት የሰፈሩን ቦኖ ከፍታ ውሃ ስትሸጥ የኖረች ናት። ቦኖው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ ነው። ባለፈው ወር በጠዋት ቁልፍ ይዛ ሄዳ እዚያ ቆማ አገኟት። ከዚያ በፊት ከሰል አቀጣጥላ ረስታው ጎረቤት ነው የደረሰላት። እኔ ቁሓ ነው የምኖረው፣ ሥራ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ፍልሰታ ሳይገባ ልወስዳት ነው። እሷ ግን ውሃ ይሰማኛል፣ ውሃውን ሳላገኝ አልሄድም ትላለች። እኔ የለም ስላት ታኮርፈኛለች። አንቺ ባለሙያ ነሽ። ካየሽ በኋላ እውነቱን ብትነግሪያት ያርፍላታል።"

ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ክፉ ልጅ አይደለችም። በሁለት ቤት መካከል ስትሮጥ የደከመች ልጅ ናት። እሺ አልኳት።

ማንሆሏን በባትሪ አየሁ። ደረቅ ነች። ጥጓ ላይ ትንሽ እርጥበት አለ፣ ክረምት ነውና የሚጠበቅ ነው። ወደዚህች ማንሆል የሚገባው የአደይ ምሕረት ቤት ብቻ ስለሆነ ለእኔ ጥሩ ቦታ ነበረች፤ ቤቱ ውሃ ካልደፋ የሚታየው ሁሉ የመሬት ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። የሚለካ ነገር የለም። "እዚህ ላይ ስርገት የለም" ብዬ መዘገብኩ። ከዚያ ቀና ስል አደይ ምሕረት በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

"እ፣ ጓለይ?"

ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ያዝኩ። አሁን ሳስበው እጄ ያሳፍረኛል። "አደይ፣ በደንብ አየሁት። ምንም ውሃ የለም፣ ደረቅ ነው። እርግጠኛ ነኝ። አይጨነቁ።"

ቆጣ ቢሉ፣ ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሃየ" አሉ ቀስ ብለው። እሺ ማለት ነው። "አንቺ ካልሽማ የለም ይሆናል።" ገቡና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስንወጣ ለምለም ጉንጬን ሳመችኝ፤ "ከልብ አመሰግናለሁ" አለችኝ። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። አያ ኪሮስ ብቻ መንገድ ላይ፣ "ሴትዮዋ ግን ያረጁ አይመስሉም ነበር ስንገባ" አለ። ምን ለማለት እንደፈለገ አልጠየቅሁትም።

ረቡዕና ሐሙስ ሌሎቹን ማንሆሎች ለካሁ። ሁሉም ቦታ የሚሰርገው ከጠበቅሁት ያነሰ ነው። የዘነበባቸውን ቀናት ጎርፍ ብደምርበትም ከታች ያለው ገንዳ ለምን እንደሚሞላ አይገልጽም። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ቁጥሩ እምቢ አለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤት ነበርኩ። የእኛ ሰፈር ፈረቃ ዓርብ ነው። ኃይሉ ባልዲዎቹን ደርድሮ ቧንቧውን ከፍቶ ይጠብቃል። መጀመሪያ ቧንቧው አፏጨ፤ አየሩን እየገፋ ነው። ከዚያ አሳለ፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ይህን በየሳምንቱ አየዋለሁ። ያን ቀን ግን በእጄ ጀሪካን ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

"ምን ሆንሽ? ባልዲው ሞላ እኮ" አለኝ ኃይሉ።

"በማይለቀቅበት ቀን ነው የሄድኩት" አልኩ።

"የት?"

"ኃይሉ፣ ሴትዮዋ ውሃ ይሰማኛል አሉ። እኔ የሄድኩት ቧንቧ ባዶ በሆነበት ቀን ነው።"

እዚያው ጀሪካኑን ጥዬ ነጠላዬን አደረግሁና ወጣሁ። ያ የኮራሁበት ብልጠቴ ሁሉ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ከመሬት ብቻ ነው ውሃ ወደ ፍሳሽ ቱቦ የሚገባው ብዬ ነበር። ከንጹህ ውሃ ቱቦም ሊገባ ይችላል። ቱቦው ተሰብሮ ከሆነ የሚያፈሰው ግፊት ሲኖረው ብቻ ነው፤ ግፊት የሚኖረው ደግሞ በፈረቃ ቀን ነው። ያንን ቀን ነው ልብስ የሚታጠብበት ብዬ የሰረዝኩት። አደይ ምሕረትን "የትኛው ቀን ነው የሚሰማዎት?" ብዬ አንዲት ጥያቄ ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር። እርግጠኛ ነኝ ለማለት ቸኮልኩ።

ቢሮ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። የሰረዝኳቸውን ቀናት ከገንዳው መዝገብ ላይ ፈልጌ አወጣሁ፤ ትርፉ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ የአቤቱታ ማኅደሩን ለመንኩ። የአደይ ምሕረት ማመልከቻ ነበረበት። ጎረቤት የጻፈላቸው፣ በአውራ ጣታቸው የፈረሙበት ወረቀት ነው። "ውሃ ለሰፈሩ በሚለቀቅበት ቀን ከቤቴ ወለል ስር ውሃ ሲሄድ ስለምሰማ ባለሙያ እንዲላክልኝ" ይላል። ቀኑ ተጽፏል። ኅዳጉ ላይ አንድ ሰው በእርሳስ "አረጋዊት ናቸው" ብሎ ጽፎበታል። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ ማክሰኞ ቀን እኔም በአፌ ያልኩት እሱኑ ነው።

የዚያ ሰፈር ፈረቃ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። መምጣቱ ግን አይታወቅም፤ መብራት ከጠፋ ፓምፑ አይነሳም፣ ስንት ቅዳሜ ሳይመጣ ቀርቷል። የለምለም ስልክ የለኝም። ለአያ ኪሮስ ደወልኩ።

"ነገ እረፍቴ ነው፣ ኢንጂነር" አለኝ።

"አያ ኪሮስ፣ ማክሰኞ ያየነው የተሳሳተ ቀን ነው።"

"በስንት ሰዓት?" አለኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስንደርስ አንዲት ፒክአፕ መኪና በሩ ላይ ቆማለች። ፍራሹና ሁለት ካርቶን ተጭነዋል። አደይ ምሕረት ነጭ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አዲስ ተሠርተው፣ ባዶ ቤት ውስጥ አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የሚሄድ ሰው አይመስሉም፤ የሚወስዱት ሰው ነው የሚመስሉት። ለምለም ስታየኝ ደነገጠች።

"ለምለም፣ ማክሰኞ የነገርኳችሁ ልክ ላይሆን ይችላል" አልኩ። "ውሃ የማይለቀቅበት ቀን ነበር። ዛሬ ፈረቃችሁ ነው። ትንሽ ጠብቂኝ።"

ፊቷ ላይ ያየሁት ንዴት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ወደ ጥግ ሳበችኝ። "እህቴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ውሃ አላነሳችም። እሺ ብላኝ ልብሷን ለብሳለች። አሁን ይህን ደግመሽ ብትቀሰቅሺባትና ምንም ባይመጣ ምን አደርጋለሁ?"

ቢመጣ አደይ ምሕረት ሙሉ ሰው ናቸው። ባይመጣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም በልጃቸው ፊት፣ የሌለ ነገር የሚሰሙ አሮጊት አደርጋቸዋለሁ። ሰማዩ ደግሞ ከብዷል። ዝናብ ከጣለ ጎርፍ ወደ ማንሆሏ ይገባል፤ ያኔ የቱ ከየት እንደመጣ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

"አንድ ሰዓት ስጪኝ" አልኳት። ሹፌሩ የዘመድ ልጅ ነበር፤ እሱም ሰዓቱን አይቶ ትከሻውን ነቀነቀ። ለምለም በረጅሙ ተነፈሰችና "ሃየ" አለች።

አያ ኪሮስ ክዳኑን ከፈተ። ደረቅ። ቤቱ ውስጥ ማንም ውሃ እንዳይደፋ ነገርን፤ ቀድሞም የሚደፋ አልነበረም። ሁለት ሰዓት ሆነ። ደረቅ። አንዲት ጎረቤት ብቅ ብላ አየችን፣ ከዚያ ሌላ። ሁለት ሰዓት ከሩብ። አያ ኪሮስ ወደ ሰማዩ ያያል፣ እኔ ወደ ጉድጓዱ። ለምለም የመጨረሻውን ካርቶን ጭና መጥታ አጠገቤ ቆመች።

አደይ ምሕረት ከውስጥ ተነሥተው ወጡ። ቀጥ ብለው ወደ ማንሆሏ አልመጡም። የቤቱን ግድግዳ በእጃቸው እየዳበሱ ሄደው የደረቀችውን የግቢ ቧንቧ ያዙና ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ።

"ነፋሱ መጣ" አሉ።

እኔ ምንም አልሰማሁም። አያ ኪሮስም አልሰማም። ለምለም ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባ እየታገላት እንደሆነ አየሁ።

"አደይ" አለች፣ "እባክሽ።"

"ከውሃ በፊት ነፋስ ነው የሚመጣው፣ ጓለይ" አሉ አደይ ምሕረት፣ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። "ቦኖ ላይ ሴቶቹ ገና ሲጫወቱ እኔ ተነሡ እላቸው ነበር። ቆዪ ትንሽ።"

ቆየን። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፤ ሰዓት የምይዝ ሰው ሆኜ ያን ጊዜ አልያዝኩም። ከዚያ ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፤ አንድ ሰው ጉሮሮውን የሚጠርግ ይመስላል። ባትሪዬን አበራሁ። ከአልጋ ክፍሉ በኩል ከሚመጣው ቱቦ አፍ ላይ ክር የምታክል ውሃ ወረደች። ከዚያ ጣት አከለች። ከዚያ ክንድ የሚያክል ጥርት ያለ ውሃ ማንሆሏን ሞልቶ ወደ ታች፣ ወደ ፍሳሹ ገንዳ፣ መጋለብ ጀመረ። አያ ኪሮስ ባርኔጣውን አወለቀ።

በረጅም እጀታ ባለው ጣሳ ቀዳሁና በትንሽ ብልቃጥ አደረግሁት። ክሎሪን የምንፈትሽበት ክኒን ነበረኝ። ለለምለም አስረዳኋት፤ ከመሬት የሚመነጭ ውሃ ክሎሪን የለውም፣ የዝናብ ጎርፍም የለውም፤ ክሎሪን ያለው እኛ አክመን በቧንቧ የምንልከው ውሃ ብቻ ነው፣ ካለው ደግሞ ሮዝ ይሆናል። ክኒኑን ጣልኩ። ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሣሁት። ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ።

ለምለም ብልቃጡን ከእጄ ወስዳ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ እናቷ እግር ላይ ወደቀች። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት የእናቷን ጉልበት አቅፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። "አላመንኩሽም፣ አደይ" ትላለች። "አላመንኩሽም።"

አደይ ምሕረት ፀጉሯን ዳበሱ። እኔም ተጠግቼ እጃቸውን ሳምኩ። "ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "ምንም የለም ብዬ በልጅዎ ፊት..."

"አንቺ ምን አደረግሽ? ያየሽውን ነው ያልሽው" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ "ቀኑን ብትጠይቂኝ ግን እነግርሽ ነበር" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። እስከ ዛሬ ከተቆጡኝ አለቆች ሁሉ የበለጠ የገባኝ እሱ ነው።

ጎረቤቶቹ ግቢውን ሞልተው አንዱ ካንዱ እየተቀባበለ ውሃውን ያያል። ለምለም ዓይኗን አበሰችና ለሹፌሩ፣ "ፍራሹን አውርደው፤ አትሄድም" አለችው። እኔም እንደዚያ ነበር የጠበቅሁት። ለዚህ አልነበር የታገልነው?

አደይ ምሕረት ግን እጃቸውን አነሡ። "አታውርደው" አሉ።

ሁላችንም ዞረን አየናቸው።

"እኔ ቁሓን መች ጠላሁ? ልጄ ያለችበት ነው፣ የልጅ ልጆቼ ያሉበት ነው። ከሰሉንም የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ቦኖውም ጋ በባዶ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ፣ ነገር እየጠፋብኝ ነው። አንዳንድ ጠዋት ስነሣ ቤቱም ይጠፋብኛል።" ወደ ለምለም ዞሩ። "የሌለ ነገር የምትሰማ እብድ ተብዬ ከቤቴ አልወጣም ነው ያልኩት። አሁን ሰምታችሁኛል። ውሰጂኝ፣ ጓለይ፣ እሄዳለሁ።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ማንም ሳይደግፋቸው ፒክአፕዋ ላይ ወጡ። መኪናዋ ስትነሣ ወደ ቤቱ አልዞሩም። አያ ኪሮስ ዘንጉን ተደግፎ መንገዱ ጫፍ እስክትታጠፍ ድረስ ቆሞ አየ።

ሰኞ ዕለት ወለሉ ተቆፈረ። የድሮው የውሃ ቱቦ በፍሳሹ ቱቦ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ መገጣጠሚያው ተሰብሮ ለመንገዱ ሁሉ የተላከውን ውሃ ወደ ፍሳሹ ይሰድድ ነበር። ከተጠገነ በኋላ በሚቀጥለው ፈረቃ የዚያ መንገድ ሰዎች ከስንት ዘመን በኋላ ከየቧንቧቸው ቀዱ። ከታች ገንዳውም ቀለለው። ሪፖርቴን እንደገና ጻፍኩት፤ የሰረዝኳቸውን ቀናት መለስኩ፣ ለምን እንደሰረዝኳቸውም ሳልደብቅ ጻፍኩ። አለቃዬ "ይህ ክፍል አያስፈልግም" አለኝ። ያስፈልጋል ብዬ እንዳለ ተውኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አብዛኞቻችሁ ማንሆል ከፍታችሁ አታውቁም፤ እንዳትከፍቱም። ግን በሁላችሁም ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይሰማኛል፣ አንድ ነገር ያመኛል፣ አንድ ነገር አየሁ የሚል ሰው አለ። ሽማግሌ ይሆናል፣ ሕፃን ይሆናል፣ ሲያወራ የሚደጋግም ሰው ይሆናል። አንድ ቀን ሄዳችሁ አይታችሁ "የለም" ትሉታላችሁ፤ እኔም ያልኩት እንደዚያ ነው፣ ያየሁትም እውነት ነበር። እሱ የሚሰማው ነገር ግን የሚመጣው በሌላ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከመለካቴ በፊት የሰፈሩን ሰው ጠይቄ የነገሩኝን እጽፋለሁ። ሒሳቡ አልተለወጠም፤ እኔ ነኝ የተለወጥኩት። ድሮ ሳላጣራ እርግጠኛ ነኝ እል ነበር፤ አሁን ያቺን ቃል ሳወጣ አፌ ይያዛል።

አልፎ አልፎ ቁሓ እየሄድኩ አደይ ምሕረትን እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ስሄድ አላወቁኝም። ውሃውንም ረስተውታል፤ ስለዚያ ቅዳሜ ሳጫውታቸው እንደ ሰው ታሪክ ፈገግ ብለው አዳመጡኝ። ተቀምጠን ሳለ ድንገት ቀና አሉና ለለምለም፣ "በር ላይ ሰው አለ" አሏት። እኔ ምንም አልሰማሁም። ለምለም የያዘችውን አስቀምጣ ተነሣች። ግቢውን አቋርጣ ሄደች፣ በሩን ከፈተች፣ ወጥታ ግራና ቀኝ ስታይ በመስኮት አየኋት። ተመልሳ መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

"ማንም የለም፣ አደይ" አለቻቸው። "አይቼ ነው የመጣሁት።"